አባቴ በጆሮ ያወቁት ካቴድራል

አባቴ ሐዋሳ የመጡት እናቴ ባረፈች በዓመቱ ነው። ወንድሜ ከጎጃም አዲስ አበባ ድረስ አመጣቸው፤ እኔ ከዚያ ተቀብዬ በአውቶቡስ ይዣቸው መጣሁ። መናኸሪያ ስንወርድ ክንዴን አጥብቀው ያዙና ፊታቸውን ወደ ፀሐይ ቀና አደረጉ። «ሙቀቱ ደህና ነው» አሉኝ። ስለ ከተማዋ ሌላ የሚሉት አልነበራቸውም፣ ምክንያቱም አላዩዋትም። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ ተጋርዷል። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፣ ከፊታቸው ሰው ሲያልፍ እንደ ጥላ ይታያቸዋል፤ በቃ።

እኔ የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ትንሽ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን መኖር ከለመድኩ ቆይቻለሁ። አባቴ ዕድሜያቸውን በሙሉ ያስተማሩ፣ እጃቸው ላይ የሚነበብ ነገር ጠፍቶ የማያውቅ ሰው ነበሩ። አሁን ግን ከቁርስ በኋላ በረንዳው ላይ ይቀመጡና እኔ ከሥራ እስክገባ ድረስ እዚያው ይጠብቁኛል። ሬዲዮ ገዛሁላቸው። ስመለስ ሁልጊዜ ተዘግቶ አገኘዋለሁ።

«ምነው ዘጉት?» ስላቸው፣

«ሁሉም ይጮኻል» ይላሉ።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጃቸው ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ደግ ናት። መብራቷን ወዲያና ወዲህ እያደረገች ካየቻቸው በኋላ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው። ሞራው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፣ ያያሉ» አለቻቸው።

አባቴ ከወንበሩ ተነሡ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ብለው በእጃቸው ክንዴን ፈለጉ። በሩ ላይ ስንደርስ፣ «እናትሽንም ቀላል ነው ብለዋት ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እናቴ ቀላል ነው ለተባለ ቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገብታ ነው ሳትወጣ የቀረችው። ከዚያ ቀን በኋላ የዓይናቸውን ነገር ባነሣሁ ቁጥር ዝም ይሉኛል። የአባቴ ዝምታ ከቁጣቸው ይከብዳል። እኔም ማንሣቱን ተውኩት።

አጥር የምንጋራቸው ጎረቤታችን የሲዳማ ሰው ናቸው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥተዋል፣ ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ከቤት ወጥተዋል፣ ባለቤታቸው ገበያ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። እሑድ ጠዋት ቡናማ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው ይዘው ከባለቤታቸው ጋር ወደ ጸሎት ቤታቸው ሲሄዱ አያቸዋለሁ። ፕሮቴስታንት ናቸው። ከእኔ ጋር ከሰላምታና ከውኃ መጥፋት ወሬ ያለፈ ነገር አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ጋሼ የእኛ በረንዳ ላይ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ወቀሱኝ።

«አባትሽ ቤተ ክርስቲያን መሳም ፈልገዋል። ለምን አልነገርሽኝም?»

እኔም አላውቅም ነበር። ወደ አባቴ ዞርኩ።

«አንቺ በጠዋት ሥራ አለብሽ ብዬ ነው» አሉ አባቴ እንደ ማፈር ብለው።

«እኔ ሥራ የለኝም» አሉ ጋሼ። «ነገ እኔ እወስዳቸዋለሁ። ትልቋ ጋ ነው የምንሄደው፣ መሀል ከተማ ያለችው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ግን…» ብዬ እንዴት እንደምጨርሰው ጠፋኝ።

ገባቸው። ሳቅ አሉና፣ «እኔ በሩ ድረስ ነኝ። ከበሩ ወዲያ የራሳቸው ነው» አሉኝ።

በማግስቱ በጠዋት ተነሥተው፣ አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ። የሐዋሳ ባጃጆች የካቴድራሉን መልአክ ስም እየጠሩ ነው ሰው የሚጭኑት፤ የሚሳለምም፣ ባንክ የሚሄድም፣ ፎቶ ቤት የሚሄድም በዚያ ስም ተጠርቶ ይገባል። ከዚያ ቀን ወዲህ ልማድ ሆነ። አደባባዩ ላይ ይወርዳሉ። ጋሼ አባቴን በሩ ድረስ ያደርሳሉ፣ ከዚያ አንድ የደጀ ሰላም ጠባቂ ተቀብሎ ወደ ወንዶች በኩል ይወስዳቸዋል። ጋሼ መንገዱን ተሻግረው ሻይ ቤት ይቀመጣሉ። ቅዳሴው ሲያልቅ አባቴ በዚያው ሰው እጅ ይወጣሉ፤ ጋሼ በሩ ላይ ቆመው «ኬሬ!» ይሏቸዋል። በሲዳምኛ ሰላም ማለት ነው። አባቴም «ኬሬ!» ብለው ወደ ድምፁ ይሄዳሉ።

ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ «እርስዎ» መባባሉን ትተው «አንተ» መባባል ጀመሩ። አባቴ መምህር ስለሆኑ መጀመሪያ አካባቢ የጋሼን አማርኛ ያርሙ ነበር። ጋሼ ካቴድራሉን ሁልጊዜ «እሷ» ነው የሚሉት፣ አደባባዩንም እንደዚያው። አባቴ «እሱ ነው» ይሏቸዋል፤ ጋሼ «እሺ፣ እሱ ናት» ይላሉ። ኋላ አባቴ ማረሙን ተዉት።

በረንዳው ላይ ሲያወሩ እኔ ኩሽና ሆኜ እሰማቸዋለሁ።

«እስቲ ንገረኝ፣ ምን ትመስላለች?» አሉ አባቴ አንድ ከሰዓት።

«ትልቅ ናት።»

«ትልቅነቱንማ ከድምፁ አውቄዋለሁ። ቄሱ ሲያዜም ድምፁ ሄዶ፣ ቆይቶ ነው የሚመለሰው። ሌላ ንገረኝ።»

ጋሼ አሰቡ። «ጉልላት አላት፣ ከላይ መስቀል አለ። ዛሬ ጠዋት አንድ አባ ኮዳ አጥሯ ላይ ቆሞ ነበር።»

«አባ ኮዳ ምንድን ነው ደግሞ?»

«አታውቀውም? የሐይቁ ወፍ ነዋ! ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የሚባለው ዓሣ ገበያ፣ ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ሲለቅም የሚውል። ራሰ በራ፣ አንገቱ ላይ ኮረጆ ያንጠለጠለ፣ ቀስ ብሎ የሚራመድ። ጡረተኛ ነው የሚመስለው።»

አባቴ ሳቁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ድምፅ አውጥተው ሲስቁ የሰማኋቸው ያን ጊዜ ነው። ሽንኩርቱን ትቼ በሩ ጋ መጥቼ ቆምኩ።

ጋሼም በተራቸው ይጠይቃሉ። ውስጧ ምን አለ? ለምን ትቆማላችሁ እንጂ አትቀመጡም? መጋረጃው ለምንድን ነው? አባቴ ተማሪ እንዳገኘ መምህር ደስ እያላቸው ያስረዳሉ። ክርክርም ነበራቸው። አንዳንዴ ስለ ጾም፣ አንዳንዴ ስለ አማላጅነት ድምፃቸው ከፍ ይልና ሊጣሉ ነው ብዬ እፈራለሁ። ከዚያ ጋሼ፣ «ይሁን፣ እዚያ ስንደርስ እንጠይቃለን» ይላሉ፤ አባቴም «አንተ ቀድመህ ብትደርስ ቦታ ያዝልኝ» ይላሉ፤ ክርክሩ በዚሁ ያልቃል።

አንድ ጊዜ ጋሼ ሥራ ፍለጋ ከገጠር ወደ ሐዋሳ ስለመጡበት ቀን ሲነግሯቸው ሰማሁ። ወጣት ነበሩ፣ ከተማዋን አያውቁም። «ይህ ሁሉ ፎቅ አልነበረም» አሉ። «ከየትም ብትመጣ መጀመሪያ የምታያት እሷን ነበር። መንገድ ሲጠፋኝ ዞር ብዬ እሷን አያለሁ፣ ከዚያ ቤቴ በየት በኩል እንደሆነ ይገባኛል። እኔ የእሷ ምእመን አይደለሁም፤ ግን ከተማውን ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

አባቴ ወንበራቸውን ወደ ጋሼ አስጠጉ።

ከዚያ ዓመታዊው ንግሥ ደረሰ። በዚያ ሰሞን ሐዋሳ ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከየክፍለ ሀገሩ ምእመን በአውቶቡስ ይገባል፣ ሆቴሉ ይሞላል፣ አልጋ ያጣ በየዘመዱ ቤት መሬት ላይ ያድራል። ፕሮቴስታንቱም ሙስሊሙም ባለ ሱቅ ከሌላው ቀን ቀደም ብሎ ይከፍታል። በዕለቱ እኔ ፈቃድ ወስጄ ነጠላዬን ለብሼ አብሬያቸው ሄድኩ። ጋሼም መጡ፣ ቡናማ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው። «በሩ ድረስ» አሉ እንደ ልማዳቸው።

በሩን ከሩቅ እያየነው እንኳ መድረስ አልቻልንም። እኔ በቀኝ፣ ጋሼ በግራ አባቴን ይዘን ቀስ በቀስ ተገፋን። ታቦቱ ሊወጣ ሲል እልልታው ቀለጠ፤ ሕዝቡ እንደ አንድ ሰው ወደፊት ሲሄድ እኔና ጋሼ ወደ ግንቡ ተጣልን። አባቴ በመሀላችን የሉም። ነጭ ነጠላና ነጭ ጋቢ ብቻ ነው የሚታየኝ። ጠራሁ፤ እልልታው ዋጠው።

ጋሼ በሩን አዩ። ከዚያ በሰው መሀል እየተሽሎከለኩ ገቡ። እኔም ቡናማውን ኮት ተከትዬ ገባሁ፤ በዚያ ሁሉ ነጭ መሀል እሳቸውን ማጣት አይቻልም ነበር።

ግቢው ውስጥ ሕዝቡን ከሚያስተናብሩት ተማሪዎች አንዷ አወቀችኝ። ከቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ስትዋስ አያታለሁ። አባቴ እንደጠፉብኝና እንደማያዩ ነገርኳት።

«ምን ለብሰዋል?» አለችኝ።

«ነጭ» ብዬ እንደጨረስኩ ሁለታችንም ዙሪያችንን አየን።

ወደ ድምፅ ማጉያው ወሰደችን። ማይክ የያዘው ዲያቆን ስመ ክርስትናቸውን ጠየቀኝ። ከጎጃም እንደመጡም ጨምሬ ስነግረው፣ «እኅቴ፣ በዚህ ስም ብጠራ ግማሹ ሰው እጁን ያወጣል» አለኝ። ጋሼ ከኋላዬ ሆነው፣ «ጓደኛው እየፈለገው ነው በልልኝ» አሉት።

«ጓደኛቸው ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ። ጴንጤው ጎረቤትህ በል፣ ያውቀዋል።»

ዲያቆኑ ኮታቸውን አየ፣ ላባቸውን አየ። ፈገግ አለና ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። «ከጎጃም የመጡ ዓይናቸው የታመመ አባታችን፣ ጎረቤትዎ፣ ፕሮቴስታንቱ ጓደኛዎ፣ ግቢ ውስጥ ገብተው እየፈለጉዎት ነው። ባሉበት ሆነው እጅዎን ያንሡልን።»

በአቅራቢያችን ያለው ሰው ሳቀ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። አንዲት ሴትዮ እልል አሉ። እኔ በእግሬ ጫፍ ቆሜ ስቃኝ፣ ከቤተ መቅደሱ ደረጃ አጠገብ፣ ከነጠላው ሁሉ በላይ የአባቴ ከዘራ ብድግ ሲል አየሁት።

ሁለት እናቶች መሀላቸው አስቀምጠው ውኃ እያጠጧቸው ነበር። አባቴ ተረጋግተዋል፣ እንዲያውም ፊታቸው በርቷል። ጋሼ ግን አጠገባቸው ሲደርሱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አፍንጫቸውን ሳብ ሳብ አደረጉ።

«ታለቅሳለህ እንዴ?» አሉ አባቴ።

«ላብ ነው።»

«ድምፅህን አውቀዋለሁ። የት ድረስ ገባህ?»

«እዚህ ነኛ! ከጎንህ።»

አባቴ እጃቸውን ዘርግተው የጋሼን ትከሻ አገኙ። ትንሽ እንደዚያ ሆነው ቆዩና፣ «እንግዲህ ከገባህ አይቀር ንግሡን ጨርሰን እንሄዳለን» አሉ።

ጨረስን። እኔ ከአንድ ደረጃ ዝቅ ብዬ ተቀምጬ ሁለቱን እሰማ ነበር። አባቴ «ይሄ ከበሮ ነው፣ አሁን ወረብ ሊጀምሩ ነው» ይላሉ፤ ጋሼ «አዎ፣ ተሰልፈዋል፣ መቋሚያቸውን አነሡ፣ የአንዱን ካህን ጥላ ነፋስ ገለበጠበት» ይላሉ። አንዱ በጆሮው፣ ሌላው በዓይኑ እየተቀባበሉ በዓሉን አከበሩት። እኔ በዕድሜዬ ብዙ ንግሥ አይቻለሁ፤ ያንን ያህል ያየሁት ግን የለም።

ማታ በረንዳው ላይ ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው ጉልበታቸውን እያሹ ተቀምጠው ነበር።

«ስማኝ» አሉ ለአባቴ። «እኔም አርጅቻለሁ። ጉልበቴ አይረባም። ዛሬ ሰው ሲገፋኝ ወድቄ ቢሆን ማን ያገኝሃል?»

ጋሼ ጉልበታቸውን ማሸት ትተው ወደ አባቴ ዞሩ።

«የዓይንህን ነገር ቀላል ነው አልልህም፣ ሐኪም አይደለሁም። ሚስትህንም አላውቃትም፣ ነፍሷን ይማር። ግን አብሬህ እገባለሁ። ዛሬ ገብቻለሁ እኮ።»

ትንኝ ይጮኻል፣ ከጎረቤት ቴሌቪዥን ይሰማል። አባቴ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወዲያና ወዲህ አንከባለሉት። በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ የዚያች ሐኪም ቀጠሮ እንዴት ነው የሚያዘው?» አሉኝ።

መጀመሪያ የተሠራው የቀኝ ዓይናቸው ነው። ጋሼ እንዳሉት አብረው ገቡ፣ የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ድረስ። ከበሩ ላይ በሲዳምኛ ጸለዩላቸው፤ አባቴ አልጋው ላይ ሆነው አማተቡና «አሜን» አሉ። ምን እንደተባለ ሳይገባቸው እንዴት አሜን እንዳሉ ኋላ ስጠይቃቸው፣ «ስሜን ጠርቷል፣ እግዚአብሔርንም ጠርቷል፣ ሌላ ምን ሊል ነው?» አሉኝ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ጋሼ የያዙትን ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ፤ ሳላውቀው በላሁት።

በማግስቱ ሐኪሟ ፋሻውን ስትፈታ እኔ ከፊት ለፊት ቆምኩ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፈን ከፈት፣ ጨፈን ከፈት አደረጉ። ከዚያ አተኩረው አዩኝ።

«ሽበት አወጣሽ» አሉኝ።

ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። «እናትሽን መስለሻል» አሉ ቀጥለው፤ እሳቸውም ዓይናቸውን እንዳይነኩ ስለተባሉ እንባቸውን ሳይጠርጉ ተዉት።

ጋሼ ግድግዳው ጋ ተጠግተው ቆመው ነበር። አባቴ አዩአቸውና እንደማያውቁት ሰው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላምታ ሰጡ።

«ኬሬ» አሉ ጋሼ።

አባቴ ደነገጡ። ከላይ እስከ ታች ቃኟቸው። «አንተ ነህ? አጭር ነህ እንዴ!»

«ምን ነበርኩ ታዲያ?»

«በድምፅህ ረጅም ነበርክ፣ ከእኔ የምትበልጥ!»

ሐኪሟ መድኃኒት እያዘዘች መሳቋን መደበቅ አቃታት። ጥቁር መነጽር ያድርጉ፣ አቧራ አይንካቸው፣ ቀጥታ ቤት ይሂዱ አለች። ቀጥታ ግን አልሄድንም። አደባባዩ ጋ ስንደርስ አባቴ ባጃጁን አስቆሙት።

ወርደን ከበሩ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆምን። አባቴ በጥቁር መነጽራቸው ውስጥ ሆነው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ከደረጃው ጀምረው ወደ ላይ፣ ጉልላቱን፣ መስቀሉን። ጋሼ እግራቸውን ያቀያይራሉ። ሲነግሯቸው የከረሙት ልክ ይሁን አይሁን አሳስቧቸዋል።

«አሳንሼ ነው የነገርኩህ?» አሉ በመጨረሻ።

«የለም፣ ልክ ነው የነገርከኝ» አሉ አባቴ። «ሰዉን ግን አልነገርከኝም።»

እኔም ያን ጊዜ ነው ሰዉን ያየሁት። በዚያ አደባባይ ዓመታት ተመላልሻለሁ፣ ቆሜ ግን አላየሁትም። አንዱ የባጃጅ ሹፌር መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ያማትባል። ደብተር የያዙ ተማሪዎች ይመጣሉ፤ አንዷ ቆማ ግንቡን ትስማለች፣ ሒጃብ የለበሰችው ጓደኛዋ ቦርሳዋን ተቀብላ ትጠብቃታለች። አንድ ሰውዬ ስልክ እያወራ «ካቴድራሉ ፊት ለፊት ነኝ፣ እዚሁ እጠብቅሃለሁ» ይላል። አንዲት አሮጊት ዣንጥላቸውን አጥፈው ሰግደው እንደገና ይዘረጋሉ። የሚሳለመውም የማይሳለመውም፣ መኪናውም ጋሪውም፣ ሁሉም ዞሮት ነው የሚያልፈው።

አባቴ መንገዱን ለመሻገር የማንንም ክንድ አልያዙም። እኛ ነን የተከተልናቸው።

የግራ ዓይናቸው በዚያው ዓመት ተሠራ። አሁን ያነባሉ፤ ከቤተ መጻሕፍት የማመጣላቸውን ሁሉ ይጨርሱና ሌላ አምጪ ይሉኛል። ጋሼ ማድረሳቸውን አላቆሙም፣ ምንም እንኳ አባቴ ብቻቸውን መሄድ ቢችሉም። ሻይ ቤቱ ወንበራቸውን ያውቀዋል። ሥራ በማልገባበት ቀን እኔም አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን እንቀመጥና እነሱ ሲከራከሩ እኔ ሻዬን እጠጣለሁ።

ባለፈው ንግሥ ወንድሜ መጣ። በዓሉን አክብሮ አባታችንን ወደ ቤታቸው ሊመልሳቸው አስቦ ነበር የመጣው። አልጋ ስላልተገኘና የእኔ ቤት ስለጠበበ ጋሼ ቤት አደረ። በማግስቱ የጋሼ ባለቤት ቁርስ አብልተው፣ ከጓሯቸው የለቀሙትን አቮካዶ በፌስታል ሞልተው አስያዙት። አባቴ አልሄድም ስላሉ ብቻውን ሊመለስ ነበር፤ መናኸሪያ ድረስ አራታችን ሸኘነው። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ወንድሜ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «አባዬ፣ ታዲያ መቼ ነው የሚመጡት?» አላቸው።

«ለእናትህ ተዝካር እመጣለሁ» አሉ አባቴ። «ከዚያ እመለሳለሁ።»

ጋሼ ትኬቱን በስንት ቀን ቀድመው መቁረጥ እንዳለባቸው ማስላት ጀምረው ነበር፣ ለሁለት ሰው።